የልጅ አውራ ጣት ታጥፎ ሲቀር

ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ጥፍር ሲቆረጥ ነው። ዓመት ከመንፈቅ የሞላት ልጅ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች። አራቱ ጣቶች በሰላም አለቁ። አውራ ጣቷ ላይ ሲደረስ ግን ጫፉ ጎንበስ ብሎ ቀርቷል። እናት ቀስ አድርጋ ልታቃናው ትሞክራለች። እምቢ። ትንሽ ጫን ስትለው ልጅቷ እጇን መንጭቃ ትወስዳለች። የዚያን ዕለት ማታ የቤቱ ሰው ሁሉ መርማሪ ይሆናል። ከአልጋ ወድቃ ነው? በር ይዟት ነው? መቼ ጀመራት? አንድም የሚያውቅ የለም።

ሲያዩት ስብራት ይመስላል። ውልቃትም ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም አይደለም። አጥንቱ ደህና ነው፤ መገጣጠሚያውም ቦታው ላይ ነው። ችግሩ ያለው ጣቱን የሚያጥፈው ጅማት በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ሐኪሞች ስሙን ያወጡለት ከጠብመንጃ ቃታ ነው። እኛም ለዚህ ጽሑፍ ያህል «ቃታ ጣት» እንበለው።

ስሙ የተሰፋው በአዋቂ ልክ ነው፤ ለልጅ ይሰፋዋል። አዋቂ ሰው ቃታ ጣት ሲይዘው ጣቱ ሲታጠፍ ይቆለፋል፣ ሲዘረጋ «ቀጭ» ብሎ ይለቃል። ያማል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይብሳል። ልጅ ላይ ግን «ቀጭ» የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ወላጅ ልብ ሲል ጣቱ ታጥፎ ቀርቷል፣ በቃ። ሕመምም ብዙ ጊዜ የለም። ልጁ በዚያው እጁ ኩባያ ያነሳል፣ እርሳስ ይይዛል፣ ወንድሙን ይቆነጥጣል። የሚያለቅሰው ትልቅ ሰው ካላቃናሁልህ ብሎ ሲታገለው ነው።

ሌላም የተሳሳተ ስም ነበረው። ለረጅም ዘመን ሕክምናው ራሱ «አብሮ የሚወለድ» ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት 4,719 አራስ ሕፃናትን መርምሮ ነበር። ቃታ ጣት ያለው አንድም አልተገኘም። ከተወለዱ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው ማለት ነው። አንድ ዓመት የሞላቸው ልጆች ሲቆጠሩ ከ1000ው በ3ቱ ገደማ ላይ ይገኛል። አራስ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ወራት እጁን ጨብጦ፣ አውራ ጣቱን በቡጢው ውስጥ ደብቆ ስለሚያሳልፍ መቼ እንደጀመረው መያዝ ያስቸግራል። «እስካሁን እንዴት ሳላየው ቀረሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን የምትወቅሱ ካላችሁ፣ ተዉት። ማንም አያየውም።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጉና አውራ ጣታችሁን እጠፉ፣ ዘርጉ። ጫፉን የሚያጥፈው ጡንቻ ጣቱ ላይ አይደለም ያለው፤ ከክርናችሁ በታች፣ ክንዳችሁ ውስጥ ነው። ከዚያ የሚነሳ ረጅም ጅማት አንጓችሁን አቋርጦ እስከ አውራ ጣቱ ጫፍ ይሄዳል። ጡንቻው ሲኮማተር ጅማቱ ይሳባል፣ ጣቱ ይታጠፋል። ጅማቱ ልቅ ቢሆን ግን በታጠፍን ቁጥር ከአጥንቱ ተነስቶ ቆዳውን እንደ ቀስት ገመድ ይወጥረው ነበር። እንዳይሆን ተፈጥሮ ቀለበት አበጅታለታለች። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ ክሩን አቅፈው የሚይዙትን ትንንሽ ቀለበቶች አስቡ። እንደዚያ ነው። ጅማቱ በእነዚህ ቀለበቶች ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። የመጀመሪያው ቀለበት ያለው አውራ ጣቱ ሥር፣ ጣቱ ከመዳፍ ጋር በሚገናኝበት እጥፋት ላይ ነው። ጣጣው ሁሉ እዚያ ነው።

ልጁ ላይ የሚሆነው ይህ ነው፦ ጅማቱ ልክ በዚያ ቀለበት አጠገብ ይወፍራል። እብጠት ይሠራል። ኮፍያ ያለው ሹራብ ገመድ ላይ ቋጠሮ ቋጥራችሁ በቀዳዳው ልታሳልፉት ሞክሩ። በኃይል ሲጎተት ወደ አንዱ አቅጣጫ ያልፋል፤ ወደ መጣበት መመለስ ግን አይችልም። ጣትም እንዲሁ ነው። አውራ ጣትን የሚያጥፈው ጡንቻ ጉልበተኛ ነው፤ እብጠቱን በቀለበቱ ውስጥ ጎትቶ ወደ መዳፍ ያሳልፈዋል። የሚዘረጋው ጡንቻ ደግሞ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው። መልሶ ሊያሳልፈው አይችልም። ስለዚህ ጣቱ ታጥፎ ይቀራል። አንዳንዴ ተቃራኒው ይሆንና ጣቱ ተዘርግቶ መታጠፍ ያቅተዋል፤ ይህ ግን ብርቅ ነው።

እብጠቱን እ.ኤ.አ. በ1850 የገለጸው ኖታ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር፤ እስከ ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል። ጅማቱ ለምን እንደሚወፍር እስካሁን ቁርጡ አልታወቀም። አብዛኞቹ ልጆች የመውደቅም የመመታትም ታሪክ የላቸውም። ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ደግሞ ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ አይታይበትም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ስለ መርፌ ስናወራ ትመለሳለች።

ምርመራው ደስ የሚለው ማሽን ስለማይፈልግ ነው። ሐኪሙ የራሱን ጣት የልጁ አውራ ጣት ሥር፣ እጥፋቱ ላይ ያሳርፋል። በሌላ እጁ የልጁን ጣት ጫፍ በቀስታ ያንቀሳቅሳል። ከቆዳው ሥር እንደ ትንሽ ፍሬ ያለች ጠንካራ ነገር ትገኛለች፤ ጫፉ ሲንቀሳቀስ እሷም አብራ ትንቀሳቀሳለች። ምርመራው ይኸው ነው። ብዙ ወላጆች ይህችን ፍሬ ራሳቸው ያገኟትና «ዕጢ ነው እንዴ?» ብለው እንቅልፍ ያጣሉ። ዕጢ አይደለችም። የወፈረው ጅማት ራሱ ነው።

ራጅ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ጅማትም ቀለበትም ተራ ራጅ ላይ አይታዩም። ልጁ ሲወድቅ ከታየ፣ ጣቱ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ሲነካ ከጮኸ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ራጁ ተገቢ ነው፤ ሳይውል ሳያድርም መታየት አለበት። ቃታ ጣት ዝምተኛ ነው። አይቀላም፣ አያተኩስም፣ በአንድ ሌሊት አያብጥም።

ከእሱ ጋር የሚምታታ ሌላም አለ። ቃታ ጣት ላይ የሚቆለፈው ከጥፍሩ በታች ያለው የጫፍ መገጣጠሚያ ነው። ከሥሩ ታጥፎ መዳፍ ውስጥ የሚተኛ፣ ልጁ ራሱ ከዚያ ሊያወጣው የማይችለው አውራ ጣት ሌላ ችግር ነው፤ የሚዘረጋው ጅማት ስለሚደክም ወይም ጭራሹን ስለማይኖር ይመጣል። ሕክምናውም የተለየ ነው። ልጁ አውራ ጣቱን ብቻ ሳይሆን እጁን በሙሉ ገትሮ የሚጨብጥ ከሆነም መታየት ያለበት ጣቱ ሳይሆን የነርቭና የጡንቻ ጤናው ነው።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ የሰው ሁሉ ጥያቄ አንድ ነው። ቀዶ ሕክምና ይደረግ ወይስ ይጠበቅ?

መጠበቅ ሲባል ብዙ ሰው ቸልተኝነት ይመስለዋል። አይደለም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሐኪሞች ምንም ሕክምና ሳይሰጡ 71 የታጠፉ አውራ ጣቶችን ለዓመታት ተከታትለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱን ሲያሳትሙ 63 በመቶዎቹ በራሳቸው ተዘርግተው ተገኙ። ክትትሉ ሲቀጥልና ከአምስት ዓመት ሲያልፍ የተዘረጉት ቁጥር ወደ ሦስት አራተኛ ወጣ። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ግን አብሮት ያለውን ሌላ ቁጥርም አንብቡ። እስኪዘረጋ የወሰደው ጊዜ መካከለኛው አራት ዓመት ገደማ ነው። ሳምንታት አይደለም፣ ወራትም አይደለም። በሁለት ዓመቷ የታየች ልጅ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው ማለት ነው። ሁለት ወር ጠብቆ «ለውጥ የለውም» ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው መጠበቁን ገና አልጀመረውም።

እየጠበቁ ማሳሳብስ? ብዙ ሐኪሞች ወላጅ በቀን የተወሰነ ጊዜ ጣቱን በቀስታ እንዲዘረጋ ያሳያሉ። አንዳንዶች ማታ ማታ የሚታሰር ቀላል መደገፊያ ይሰጣሉ። እነዚህ ዝም ብሎ ከመጠበቅ ምን ያህል እንደሚሻሉ ጥናቶቹ አይስማሙም። በትዕግሥት የሠሩ ቤተሰቦች ጥሩ ውጤት ያዩባቸው አሉ፤ ልዩነት ያልታየባቸውም አሉ። መደገፊያውን ደግሞ የሁለት ዓመት ልጅ ሌሊት በጥርሱ ፈትቶ ጠዋት ከትራሱ ሥር ታገኙታላችሁ። እኔ ብሆን ማሳሳቡን እሞክረዋለሁ፤ ልጁ እስካልተቆጣ ድረስ ጉዳት የለውምና። ግን አንድ ነገር በደንብ ልብ በሉ። ብዙ ወላጅ ጣቱን ሲዘረጋ የሚንቀሳቀሰው የሥረኛው መገጣጠሚያ ነው። የጫፉ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ሥሩ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ሥሩን በሁለት ጣት አጽንታችሁ ያዙና የጫፉን ብቻ በቀስታ ግፉ። ቆልፎ እምቢ ሲል በጉልበት አትክፈቱት። ጠንከር አድርጎ ማሸትም እብጠቱን አያጠፋውም፤ ልጁን እጁን እንዲደብቅ ያስተምረዋል እንጂ።

መርፌው ጋ ደረስን። አዋቂ ላይ ቃታ ጣት ሲመጣ ሐኪሙ በቅድሚያ ከሚያስባቸው ሕክምናዎች አንዱ ብግነትን የሚያበርደው የስቴሮይድ መርፌ ነው። ብዙዎችንም ያድናቸዋል። ታዲያ ለልጁስ? ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ትመጣለች። የልጁ እብጠት ላይ የሚበርድ ብግነት የለም። ትንሽ ልጅን በዚያች ጠባብ ቦታ መርፌ ለመውጋት ደግሞ ማደንዘዝ ያስፈልጋል። ከደነዘዘ አይቀር የሚሻለው ቀለበቱን መክፈት ነው። ስለዚህ መርፌ ለልጆች የተለመደ ሕክምና አይደለም። «አዋቂው በመርፌ ድኗል፣ ልጁን ለምን ቀዶ ሕክምና ታስገባላችሁ?» የሚል ዘመድ ካላችሁ መልሱ ይኸው ነው።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ አጭር ነው። ልጁ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ደም ሥራውን እንዳይጋርድ ክንዱ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማጥበቂያ ይታሰራል። ሐኪሙ አውራ ጣቱ ሥር፣ ተፈጥሯዊው እጥፋት ውስጥ ቆዳውን አንድ ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ርዝመት በአግድም ይቀድዳል። እጥፋቱ ውስጥ መሆኑ ጠባሳው በኋላ እንዲሰወር ነው። ከዚህ በኋላ ያለው እጅግ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለአውራ ጣት ስሜት የሚሰጡት ነርቮች ልክ እዚያው፣ ከቆዳው ሥር፣ እንደ ክር ቀጥነው ያልፋሉ። በትንሽ ልጅ እጅ ላይ ከቆዳው የሚለያቸው ሚሊ ሜትሮች ናቸው። ብዙ የእጅ ቀዶ ሐኪሞች በቆዳ ላይ በመርፌ ብቻ ቀለበቱን በጥሶ የመክፈት ዘዴን ለልጅ የማይወዱት በዚህ ምክንያት ነው። ነርቮቹን እያዩ ገለል ማድረግ ይሻላቸዋል።

ነርቮቹ ገለል ካሉ በኋላ ነጭ፣ አንጸባራቂ ቀለበቱ ይታያል። ሐኪሙ በቁመቱ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ የልጁን ጣት ጫፍ ይዞ ይዘረጋዋል። ለወራት እምቢ ያለው ጣት ቀጥ ይላል። እብጠቱ በተከፈተው መንገድ ወዲያ ወዲህ ሲንሸራተት በዓይን ይታያል። እብጠቱን ቆርጦ አያወጣውም፤ ጅማቱን ማሳሳት ማድከም ነው። መንገዱ ሲሰፋለት እየሟሸሸ ይሄዳል። አንዳንዴ ለወራት በእጅ ሲዳሰስ ቢገኝ አትደንግጡ። ቆዳው ብዙ ጊዜ በራሱ በሚሟሟ ክር ይሰፋል፣ በፋሻ ይጠቀለላል። ልጁ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። የእጅ ስፖርት የሚያሠራ ባለሙያም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ፋሻው ሲፈታ ጨዋታው ራሱ ያሠራዋል።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ቀለበቱ እስከ ጫፉ ካልተከፈተ ጣቱ ተመልሶ ሊቆለፍ ይችላል። ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ሦስቱም ጥቂት ልጆች ላይ የሚደርሱ ናቸው፤ ግን የእጅ ቀዶ ሕክምና የለመደ፣ ትንንሽ ልጆችን ደጋግሞ የሠራ ሐኪም መምረጥ ለዚህ ይጠቅማል። «ስንት ልጅ ሠርተሃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ወላጅን ከቢላው ይልቅ የሚያስፈራው ማደንዘዣው ነው። ፍርሃቱ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጥ ጥንቃቄ እንዲደረግ አሳስቦ ነበር። ማሳሰቢያው ግን የሚለው ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚቆይ ወይም ስለሚደጋገም ማደንዘዣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በጨቅላነታቸው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያነሰ ማደንዘዣ የወሰዱ ልጆች አምስት ዓመት ሲሞላቸው ተፈትነው፣ የአእምሮ ዕድገታቸው ሙሉ ማደንዘዣ ካልወሰዱት አልተለየም። የጣቱ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ብዙ ጊዜ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ያም ሆኖ አስቸኳይ ስላልሆነ ልጁ ከፍ እስኪል ቢጠበቅ የሚጎድል ነገር የለም።

እስከ ስንት ዓመት? እዚህ ላይ አንድ አሮጌ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 እንግሊዝ ውስጥ የታተመ ጥናት ከአራት ዓመት በኋላ ከተሠሩት ግማሽ ያህሉ ላይ ጣቱ ሙሉ በሙሉ አለመዘርጋቱን አሳይቶ ስለነበር «ከአራት ዓመት በፊት» የሚለው ደንብ ሆኖ ቆየ። አሁንም ይህን የሚሉ ሐኪሞች ታገኛላችሁ። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶች ግን ዘግይተው የተሠሩ ልጆችም ጥሩ ውጤት እንዳገኙ አሳይተዋል። ስለዚህ አራት ዓመት ገደል አይደለም። ብዙዎች የሚሠሩት እንዲህ ነው፦ ጣቱ አንዳንዴ የሚዘረጋ ከሆነ ይጠብቃሉ። ለረጅም ጊዜ ድርቅ ብሎ ከቆለፈና ልጁ ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈው ቀዶ ሕክምናውን አማራጭ አድርገው ያቀርባሉ። ሥረኛው መገጣጠሚያ ወደ ኋላ መለጠጥ ወይም ጣቱ ወደ ጎን ማዘንበል ከጀመረ ደግሞ መዘግየቱን አይወዱትም። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ጣቱ አልፎ አልፎ እንኳ የሚዘረጋለትን ልጅ ለማደንዘዝ መቸኮል አይታየኝም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አውራ ጣት ነው። ልጅ ላይ ቃታ ጣት ሲባል አውራ ጣት ነው ማለት ይቻላል፤ ከሌሎቹ ጣቶች አሥር እጥፍ ገደማ ይበዛል። ጠቋሚው፣ መሃሉ፣ ቀለበት ጣቱ ወይም ትንሿ ጣት ስትቆለፍ ግን ከላይ ያልኳችሁን ብዙውን እርሱት። ታሪኩ ሌላ ነው።

አውራ ጣት የሚታጠፈው በአንድ ረጅም ጅማት ነው። የሌሎቹ ጣቶች በየአንዳንዳቸው ሁለት አላቸው። አንደኛው ጅማት መንገድ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ ሌላውን በመሃሉ ያሳልፋል። እጅ ውስጥ ካሉ ነገሮች ሁሉ ይህን የመሰለ ረቂቅ ሥራ አላውቅም። ረቂቅ ስለሆነ ግን የሚሳሳትበት ቦታ ብዙ ነው። ስንጥቁ ያለቦታው ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ጅማት በብዙ ቦታ ሊወፍር ይችላል፤ ከመጀመሪያው ቀለበት አልፎ ሌላውም ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀለበት መክፈት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ላይ እንዲህ ብቻ ከተሠሩት ጣቶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት መቆለፋቸውን አልተዉም ነበር። ሐኪሙ ቆዳውን ረዘም አድርጎ ቀድዶ ወደ ውስጥ ማየት፣ አንዳንዴም ከተሰነጠቀው ጅማት አንዱን ክር ማውጣት ይኖርበታል።

ከአንድ በላይ ጣት ሲቆለፍ ደግሞ ጥያቄው ከእጅ ያልፋል። ሰውነት አንዳንድ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶችን መሰባበር አቅቶት በየአካሉ ሲያከማች የሚመጡ ብርቅ የዘር ሕመሞች አሉ። ከምልክቶቻቸው አንዱ የጣቶች መቆለፍና መገተር ነው። ልጁ ብዙ ጣቶቹ ከተገተሩ፣ ጆሮው እየደጋገመ የሚያመረቅዝ ከሆነ፣ ተኝቶ በኃይል የሚያንኮራፋ ከሆነ፣ እምብርቱ ወይም ብሽሽቱ ላይ ቡአ ካለው፣ ዓይኑ ደመና ካጠላበት፣ እነዚህን ሁሉ ለአንድ ሐኪም በአንድ ቀን ንገሩት። ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም ተራ ነገር ይመስላሉ። አንድ ላይ ሲሰሙ ግን የሽንትና የደም ምርመራ ያስጠራሉ። ለአንዳንዶቹ ሕክምና አለ፤ ቀድሞ ሲጀመርም የበለጠ ይጠቅማል። የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነትም ብዙ ጣቶችን ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ያለው ጥቂት ነው፤ አንድ አውራ ጣቱ ብቻ የታጠፈ ጤነኛ ልጅ ያለው ወላጅ ለዚህ መጨነቅ የለበትም።

ለመጠበቅ ከወሰናችሁ ስልካችሁን ተጠቀሙ። የልጁን እጅ ጠረጴዛ ላይ በጎኑ አስቀምጡና የአውራ ጣቱን ጎን ፎቶ አንሱ። በወር አንዴ፣ ከተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ አኳኋን። ጣት በቀን በቀን ሲታይ አይለወጥም፤ የስድስት ወር ፎቶ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን ይናገራል። ሐኪሙም «ትንሽ የተሻለው ይመስለኛል» ከሚለው ቃላችሁ ይልቅ በፎቶው ይረዳል። ጣቱ አንድ ጠዋት ተዘርግቶ ካገኛችሁት፣ ማታ ታጥፎ ቢመለስ እንኳ፣ ቀኑን ጻፉት። መንገዱ ጭራሽ እንዳልተዘጋ ያሳያል።

ፎቶውን ስታነሱ ሌላኛውን እጅም አንሱት። ከሩብ በላይ የሚሆኑት ልጆች ላይ ሁለቱም አውራ ጣቶች ይያዛሉ፤ ሁለተኛው ከወራት በኋላ የሚከተልበትም ጊዜ አለ። ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዛችሁ ከሆነ ደግሞ ከቀኑ በፊት ሌላኛውን ጣት ሥሩን ዳስሱት። ሁለቱም መሠራት ካለባቸው በአንድ ማደንዘዣ ማለቅ ይችላሉ።